ድምፅ ማጉያውና የሦስት ወር የቤት ኪራይ

ጽሑፉ ይረዝማል፤ ሻይ አፍልታችሁ አንብቡት። ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ድህነት ነው የምጽፈው። የምወቅሰው ሰው ካለ መጀመሪያ ራሴን ነው።

ከወር ተኩል በፊት አንዲት ተማሪዬ ከክፍል ቀረች። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ስሟን አልጠራም። ሒሳብ ያቃታቸውን ጓደኞቿን በእረፍት ሰዓት ሰብስባ የምታስረዳ ልጅ ነች። ሦስት ቀን ስትቀር አሟት ይሆናል አልኩ። ሳምንት ሲሞላ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እዚሁ ሶባ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ ሻይ ሻጭ ናት፤ ሱዳኖቹ «ሲት ሻይ» የሚሏት። ታማ ተኝታለች። የሻይ ማፍያዋና በርጩማዎቿ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። የሦስት ወር ኪራይ አለባቸው፤ አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ሰጥቷቸዋል። ልጅቷ መሃል ካርቱም ሰው ቤት ተቀጥራ ገብታለች፤ አዳሯም እዚያው ነው። እናትየዋ «እስክድን ነው መምህር፣ እስክድን ብቻ ነው» እያለች እኔን ታጽናናለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩን ለማኅበረ ምእመናኑ ኮሚቴ አቀረብኩ። ገንዘብ ነበር። ግን ለትንሣኤ አዲስ ድምፅ ማጉያና ምንጣፍ እንዲገዛበት ተወስኗል። ያ ውሳኔ ሲተላለፍ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። አንዱ ወንድማችን «የማን ልጅ ናት? ከየት አካባቢ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። እናትየዋ የመጣችው ብዙዎቻችን ከመጣንበት አይደለም፤ አማርኛዋም ይሰባበራል። ማንም በግልጽ «አይሆንም» አላለም። «እንጸልይላት፤ ዩኤን ሄዳ ታመልክት» ተባለና ወደ ሌላ አጀንዳ ተሻገርን። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ቤተ ክርስቲያን ድህነትን በተመለከተ ሥራዋ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ምጽዋት ነው ብለን እንመልሳለን፤ በር ላይ ለተቀመጡ ነዳያን ሳንቲም መወርወር፣ በበዓል ቀን ዳቦ ማደል። ይህ መልካም ነው፤ አልቃወምም። ግን መጽሐፉን ስንመለከት ከዚህ የበለጠ ነገር እናገኛለን።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አስታውሱ። በኢየሩሳሌም የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ነገሩ የሃይማኖት ክርክር አልነበረም፤ የምግብ ጉዳይ ነበር። ለመበለቶች በየዕለቱ የሚታደለው እርዳታ ነበር፤ ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶች ግን ይዘለሉ ነበር። የአገሬው ተወላጅ መበለቶች ሲደርሳቸው፣ በቋንቋ የተለዩት ይረሳሉ። ነገሩ ከእኛ ሰፈር የራቀ አይደለም።

ሐዋርያት ታዲያ ምን አደረጉ? «ለምን ታጉረመርማላችሁ» ብለው አልተቆጡም። «እንጸልይላቸው» ብለውም አላለፉም። ሕዝቡ መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች ከመካከሉ እንዲመርጥ አደረጉ፤ የማዕዱን ሥራ ለእነሱ ሰጡ። እስጢፋኖስና ፊልጶስ ከእነዚህ ሰባቱ ናቸው። ልብ ብላችሁ ስማቸውን አንብቡት፤ የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ሣጥኑ የተሰጠው ተዘለልን ላሉት ወገኖች ነው ማለት ነው። እኛ ዛሬ ዲያቆን ስንል ትዝ የሚለን ጧፍ የያዘና የሚያዜም ወጣት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሊቀ ዲያቆናት ብላ የምታከብረው እስጢፋኖስ ግን መጀመሪያ የተሾመው መበለት እንዳትራብ ነው።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ በምዕራፍ 8 ላይ በጋዛ መንገድ ያጠመቀው ሰው ማን ነበር? የህንደኬ ጃንደረባ፣ የገንዘብ ቤቷ ሹም። እኛ ኢትዮጵያዊ ነው ብለን እንኮራበታለን። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ህንደኬ የሚለው ማዕረግ የመርዌ ንግሥቶች መጠሪያ መሆኑን ይናገራሉ፤ መርዌ ደግሞ ከካርቱም በስተ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። የአባይ ልጅ ነውና ስለ ዜግነቱ አንጣላ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አጥማቂው የማዕድ ኃላፊ፣ ተጠማቂው የገንዘብ ኃላፊ ነበሩ። ገንዘብና ማዕድ ከወንጌል የራቁ ሥጋዊ ነገሮች ናቸው የሚለውን አባባል ከየት እንዳመጣነው አላውቅም።

አሁን ወደምንኖርባት ሶባ ልመለስ። ስንቶቻችን ነን የምንኖርበትን ስፍራ የምናውቀው? ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ሶባ ምሥራቅ ሄጄ ነበር። ከጥቁር አባይ ብዙ ሳይርቅ የቀይ ጡብ ስብርባሪ የሞላበት የአፈር ክምር አለ። ያ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበር። የአልዋ ነገሥታት ክርስትናን የተቀበሉት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ በ580 አካባቢ ሎንጊኖስ የሚባል ጳጳስ አስተምሯቸዋል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኑብያን ምድር የጎበኘው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ስለ ሶባ ሲጽፍ ያማሩ ሕንፃዎችን፣ አትክልት ቦታዎችንና ወርቅ የሞላባቸውን አብያተ ክርስቲያናት ይጠቅሳል። ዛሬ ከዚያ ወርቅ አንድም የለም። የተረፈውን ጡብ ደግሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር ለቤት መሥሪያ እየጫኑ ወሰዱት። ሱዳኖች ስለ ጥፋት ሲያወሩ ሶባን ያፈረሰቻትን ዐጁባን በምሳሌ ይጠራሉ፤ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቋቸው።

ያ ቤተ ክርስቲያን የጠፋው በወርቁ ምክንያት ነው አልልም። የታሪክ መምህር ሆኜ እንዲህ ብል ውሸት ነው፤ ጦርነቱም፣ ንግዱም፣ ከእስክንድርያ ጳጳስ መቅረቱም ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ግን አንድ ታሪክ ከልቤ አይወጣም። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ በንጉሡ ሰፈር ነበር። እሱ እንደጻፈው ከኑብያ ስድስት ሰዎች ወደ አፄው መጡ። ካህናት አልቀውባቸዋል፤ የሚያስተምሯቸው ካህናትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው ለመኑ። ንጉሡ አልሰጧቸውም። መልሳቸው በአጭሩ፣ እኔ ራሴ ጳጳሴን ከእስክንድርያ ነው የማገኘው፤ ሌላው የሚሰጠኝን እኔ እንዴት ለሌላ እሰጣለሁ የሚል ነበር። ስድስቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ያን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር የእኛ ኮሚቴ ትዝ ይለኛል። «እኛም እርዳታ ጠባቂ ስደተኞች ነን፤ ከምን ላይ እንሰጣለን?» እንላለን። የንጉሡ መልስ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከዚህ አገር ሄደው ደጃችንን ያንኳኩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ እኛ በእነሱ ምድር ደጅ እናንኳኳለን። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ በምሳሌነት ያነሣቸው ሀብታሞችን አይደለም፤ በከባድ ድህነት ውስጥ የነበሩትን የመቄዶንያ ሰዎች ነው። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ ሣጥኑ እሑድ እሑድ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ስል ቤተ ክርስቲያናችን ለድሃ ምንም አልሠራችም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ብዙ ሠርታለች። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከቤት ቤት እየለመነ ሲማር አብልቶ ያስተማረው ሕዝቡ ነው። መንግሥት ትምህርት ቤት ከመክፈቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የድሃ ልጅ ፊደል የቆጠረው በደጀ ሰላም ነው። እኔ መምህር ነኝና ይህን አልክድም። የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗም ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ስደተኞችንም ሲረዳ ኖሯል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰፊ የሰሞን መሬት ነበራት። ገበሬው በላዩ አርሶ ግብር ይከፍል ነበር። በአንድ እጅ ግብር እየተቀበሉ በሌላው መመጽወት ድህነትን አያስወግድም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ መሬት ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በምእመናን አስተዋጽኦ ነው የምትተዳደረው። እንግዲህ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ የሻይ ሻጯም ገንዘብ ነው ማለት ነው። ድምፅ ማጉያው ሊገዛ ከታሰበበት ገንዘብ ላይ የዚያች የታመመች እናት ሳንቲም አለበት።

አብያተ ክርስቲያናት ሲተባበሩ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ለማየት ከካርቱም መውጣት አያስፈልገንም። በ1981 እ.ኤ.አ. እዚሁ ካርቱም የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ተራድኦ ድርጅቶች፣ በኖርዌዩ መሪነት፣ አንድ የጋራ ቢሮ አቋቋሙ። ሥራው ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ ወደ ኤርትራና ወደ ትግራይ እህል ማስገባት ነበር። የጭነት መኪናዎቹ ከአውሮፕላን ድብደባ ለመሸሽ በሌሊት ነበር የሚጓዙት። የሰባ ሰባቱን ረሃብ ያዩ አባቶቻችን በዚያ እህል የተረፉ ብዙዎች ናቸው። በግንባሮቹ የተራድኦ ክንፎች በኩል ስለተሠራ፣ እህሉና ገንዘቡ ሁሉ ለተራበው ደርሷል ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው፤ መዝገብ በግልጽ ካልተነበበ ከአርባ ዓመት በኋላም ጥርጣሬው አይሞትም። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት ደግሞ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና መካነ ኢየሱሱ ተባብረው ከደሴ በኩል የጦር ግንባር አቋርጠው እህል ወደ ትግራይ አስገብተዋል። ሦስት ቤተ እምነት፣ አንድ ጭነት። ዘንድሮ ይህን ማስታወስ ለምን እንደሚያስፈልግ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ልጆቹንም አስቡ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡቡ ጦርነት የሸሹ ሕፃናት ካርቱም ዳርቻ ሲፈስሱ፣ የካርቱም ካቶሊክ ሀገረ ስብከት በየመጠለያው ከጭቃና ከሸምበቆ ትምህርት ቤት እየሠራ አስተምሯቸዋል። ሕንፃ እስኪያምር አልጠበቁም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሰው ላንሣ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ2013 ዓ.ም ሰኔ ወር ነው ያረፉት፤ ነፍስ ይማር። በ1980 እ.ኤ.አ. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሲሄዱ መንገድ ላይ በረሃብ የወደቀ ሕዝብ አገኙ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አከፋፈሉ። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃንም አዩ። ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ልጅ ይዘው ነው። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ፤ ከቤተሰብ ጋር አላስማማቸውም፣ ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። ከዚያ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ልጅ ያሳደገ ድርጅት ሆነ። ጉዞው የጸሎት ጉዞ ነበር፤ ጸሎቱን አልተዉም፤ ጸሎቱ ያደረሳቸው እዚያ ሕፃን ጋ ነው።

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስ ማዳን ነው፤ ዳቦውን ለመንግሥትና ለዩኤን ተዉት» የምትሉኝ ወንድሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ1972 እ.ኤ.አ. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለውጭ ረጂዎች አንድ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። እዚያ ቅሬታው የተገላቢጦሽ ነው፤ ለልማት ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ትነፍጋላችሁ የሚል። መሠረታዊ ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሆናል፤ ሰው አንድ ነው፣ ለነፍሱ አንድ ቢሮ ለሥጋው ሌላ ቢሮ አይከፈትለትም። ቄስ ጉዲና በ1979 እ.ኤ.አ. በደርግ ተገደሉ። እኔ የእሳቸው ቤተ እምነት ልጅ አይደለሁም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተማሪያቸው ነኝ።

«ድህነትን የሚያመጣው ጦርነትና መንግሥት ነው፤ በሣጥን ገንዘብ አይጠፋም» የምትሉም አላችሁ። ልክ ናችሁ። የሱዳንን የዳቦ ዋጋ ማውረድ አንችልም፤ የስደተኛ ካርድ ማደስ አንችልም፤ ከሻ ወጥቶ ፖሊስ ሲያፍስ ማስቆም አንችልም። ግን አንዲትን ልጅ በአሥረኛ ክፍልና በሰው ቤት ሠራተኝነት መካከል የለያት የሦስት ወር ኪራይ ነበር። ያ በእኛ አቅም ልክ ነው። የማንችለውን እየቆጠርን የምንችለውን መተው ለእኔ ሰበብ ነው።

ረመዳን ገብቷልና ወደ ማታ ላይ መንገዳችንን እዩት። ጎረቤቶቻችን ምንጣፍ አንጥፈው፣ ምግባቸውን ከየቤታቸው አውጥተው፣ አላፊ አግዳሚውን እጁን ይዘው ያስቀምጣሉ። እኔም ስንት ጊዜ ተይዤ በልቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ «ሃይማኖትህ ምንድን ነው» ያለኝ የለም። ዘካቸውም ለማን እንደሚሰጥ ስምንት ወገኖች ተለይተው ተጽፈዋል፤ አንዱ መንገደኛ ነው። መንገደኛ ማለት እኔና እናንተ ነን።

ልጅቷ ምን ሆነች? ኮሚቴው ዝም ሲል የሰሙ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ በወር በወር የእመቤታችንን ጽዋ የሚጠጡ። ሦስቱ ራሳቸው ሻይ ሻጮች ናቸው። የመጋቢት 21ን ዝክር በዳቦና በቡና ብቻ አደረጉትና የድግሱን ገንዘብ ሰብስበው፣ የጎደለውን ከእቁባቸው ተበድረው የሦስቱን ወር ኪራይ ከፈሉ። አንዷ እናት «እመቤታችን ራሷ ግብፅ ተሰዳ ማደሪያ የለመነች ናት፤ ድግሱ ቢቀርባት አትቀየመንም» አሉ። ልጅቷ በሳምንቱ ሰኞ ክፍል ገባች። እናትየዋ ገና አልዳነችም። ከዚያው ክፍል የቀሩ ሌሎች ሁለት ልጆች አሁንም አልተመለሱም።

እነዚያ ሴቶችም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ከእኛ የበለጠ ሃይማኖት ስላላቸው ብቻ አይመስለኝም የተሳካላቸው። ተራ አላቸው፣ ደብተር አላቸው፣ ማን እንደታመመ ያውቃሉ። ስለዚህ ከትንሣኤ በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ እናንተም ከወዲሁ ተወያዩበት።

አንደኛ፣ ሰባት ሰዎች ይመረጡ። ቢያንስ አራቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ሻይ ሻጭም፣ አዲስ መጪም፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነም ይኑርበት። እኔ ከተመራጮቹ ውስጥ እንዳልገባ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ በየእሑዱ ከሚገባው ገንዘብ ሲሶው ለማዕድ ይለይ። ሲሶ የሚለውን ቃል አያቶቻችን ያውቁታል፤ ያኔ ሲሶው ለቤተ ክርስቲያን ነበር ሲባል ሰምተናል። አሁን ከቤተ ክርስቲያን ሲሶው ለድሃ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ለሦስት ነገር ብቻ ይዋል፤ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና፣ ለልጆች ትምህርት። «የማን ልጅ ናት፣ ከየት ናት» የሚል ጥያቄ በቅጹ ላይ አይኑር።

አራተኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ገቢና ወጪው በምእመናን ፊት ይነበብ፤ የተረጂ ስም ሳይጠራ።

ድምፅ ማጉያው ይቅር አልልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ከተባበርን ለሁለቱም ይበቃል። ወረፋው ግን ይስተካከል፤ መጀመሪያ ማዕዱ፣ ቀጥሎ ማጉያው። ትንሣኤን በድሮው ድምፅ ማጉያ ብናከብረው፣ ትንሽ ቢያንቋርርም «ክርስቶስ ተንሥአ» መባሉ አይቀርም።

የማትስማሙ ጻፉልኝ፤ አልቀየምም። የምትስማሙ ደግሞ ከመጻፍ በፊት በአቅራቢያችሁ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ ሂዱ።

በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።